ጓሯችንን ለአውሮፕላን

የሒሳብ ሠራተኛ ቁጥር ደምሮ ዝም የሚል ፍጡር ነው ብሎ የሚያስብ ሰው፣ ከእኔ ጋር አንድ ቢሮ ውስጥ ተቀምጦ አያውቅም። ትምህርቴን ጨርሼ ወደ ፍኖተ ሰላም ስመለስ አፌንም ይዤ ነው የተመለስሁት። ይህን የምጽፈው ስለ አፌ ይቅርታ ለመጠየቅ አይደለም። የሚቆጨኝ ነገር ቢኖር፣ ያን ቀን ጉባኤው ፊት ከዚያም በላይ ጮክ ብዬ አለማንበቤ ነው።

የምሠራው ገበሬዎች ባለአክሲዮን በሆኑበት የዘይት ኩባንያ ውስጥ ነው፤ የፋይናንስ ኃላፊ ነኝ። ቢሯችን ፍኖተ ሰላም ነው፤ መጭመቂያው ደግሞ ቡሬ። መጭመቂያው ትንሽና ያረጀ ስለሆነ ሥራ በበዛበት ወቅት ከሚሠራበት የሚጠገንበት ቀን ይበልጣል። ከባለአክሲዮኖቹ አንዱ አባቴ ናቸው። ከጅጋ ከተማ በእግር ወጣ ብሎ ባለው ቀበሌ በቆሎና በርበሬ እያመረቱ ነው እኔን ያስተማሩኝ።

ገበሬዎቹ ኩባንያው ከመቋቋሙ በፊት አንድ የጋራ ነገር ነበራቸው፤ መጋዘን። ድንጋዩን ከወንዝ በአህያና በትከሻ አግዘው፣ አሸዋውን ሴቶቹ ተሸክመው፣ ቆርቆሮውን አዋጥተው ገዝተው የሠሩት ነው። በቆሎ በታኅሣሥ ሲሸለቀቅ ነጋዴው ዋጋውን እንደፈለገ ይቆርጣል። መጋዘን ያለው ሰው ግን እህሉን አስገብቶ ቆልፎ፣ ክረምቱ ገብቶ ገበያው እስኪነሣ ይጠብቃል። በዚያ መጋዘን ምክንያት ስንት ቤት ልጁን ትምህርት ቤት እንደላከ እኔ ምስክር ነኝ፤ ከእነዚያ ልጆች አንዷ ነኝና። ኩባንያው ሲመሠረት ያ መጋዘን እንደ መዋጮ ገባ። ከዚያ በኋላ ሰዉ "መጋዘናችን" ሲለው፣ ወረቀቱ "የኩባንያው ቋሚ ንብረት" ይለዋል።

አውሮፕላኑ ወደ እኛ የመጣው በአንድ ወጣት ተመራማሪ በኩል ነው። ልጁ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የሰብል ሰው ነው፤ ውጭ አገር ካሉ ባልደረቦቹ ጋር ሆኖ ከጎመንዘር ዘይት የአውሮፕላን ነዳጅ ስለማውጣት ያጠናል። ያው ምጣድ የምናስስበት ጎመንዘር። እኔ መጀመሪያ ስሰማ ሳቅሁ። እሱ ግን አልሳቀም፤ ዘይቱ ተጣርቶ እንዴት ነዳጅ እንደሚሆን፣ ከመሬት ተቆፍሮ የሚወጣውን ነዳጅ ያህል አየሩን ለምን እንደማይጎዳ በትዕግሥት አስረዳኝ። አንድ ጥብቅ ነገር ግን ነበረበት። ዘሩ የሰው እህል ከሚበቅልበት መሬት ላይ መዘራት የለበትም። አውሮፕላን እንዲበር ተብሎ የሰው ምግብ ከቀነሰ፣ ያ ነዳጅ ንጹሕ ነው አይባልም፤ ገዥውም አይገዛውም። ገዥ የተባለው የውጭ ድርጅት ገና ውል አልፈረመም፤ "ዘሩ መመዘኛውን ካለፈ እንገዛለን" የሚል የፍላጎት ደብዳቤ ብቻ ነበር የላከው።

ክረምቱ ሳይገባ ጅጋ ላይ ለገበሬዎቹ ስብሰባ ተደረገ። የውሎ አበል ለመክፈል ሄጄ ስለነበር ተመራማሪው የተናገረውን በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

"ጠፍ መሬት ይበቃናል" አላቸው። "አሲድ የበላው፣ ዳገቱ፣ እህል እምቢ ያለው ይበቃናል። እባካችሁ ጓሯችሁን አትንኩ።"

ሁሉም ራሳቸውን ነቀነቁ። አባቴ የቡድናቸው መሪ ስለነበሩ ከፊት ተቀምጠው ነበር። "እግዜር ይስጥልን፣ ትሑት ልጅ ነው" ሲሉ ሰማኋቸው። ያን ጊዜ ነበር መንቃት የነበረብን፣ እኔም እሱም።

በእኛ አገር እንግዳ "በልቻለሁ" ሲል ማንም አያምነውም። "ውሃ ብቻ ይበቃኛል" ካለ፣ ይሉኝታ ይዞት ነው ተብሎ ጠላው ይቀዳል፣ ዶሮው ይታረዳል። ውሃ ብቻ ለምኖ ውሃ ብቻ የተሰጠው እንግዳ ከወጣ፣ የዚያ ቤት ስም ሰፈሩን ሲዞር ይከርማል። ገበሬዎቹ ልጁ ያለውን አንድም ቃል ሳይስቱ ሰምተዋል። ግን ከሩቅ የመጣ እንግዳ ነው፤ "ጠፍ ይበቃኛል" ሲላቸው እንግዳ የሚለውን ያለ መሰላቸው። የባሕር ማዶ ሰው የሚገዛው ነገር፣ ያውም ሰማይ ላይ የሚወጣ ነገር፣ እንዴት ከጭንጫ ይወጣል?

ሰኔ ሲገባ ጓሯቸውን አረሱለት። ፍጉ የተደፋበትን፣ በየዓመቱ በቆሎና በርበሬ የሚሰጠውን መሬት።

ይህን ያወቅሁት በመስከረም ነው። ለበዓል አባቴ ዘንድ ሄድሁ፤ ተመራማሪውም የማሳዎቹን ቦታ በመሣሪያ ሊመዘግብ እዚያው ሰፈር ስለነበር አብረን ገባን። ከሩቅ ሳይ ቤቶቹ ሁሉ በቢጫ ተከበዋል። በአውቶቡስ የሚያልፍ ሰው የመስቀል አበባ ይመስለው ይሆናል፤ ቁመቱ ግን ከሰው በላይ ነበር። እንደዚያ ያለ ጎመንዘር በዕድሜዬ አላየሁም። አባቴ ነጠላቸውን አጣፍተው ከደጅ ተቀበሉን፤ ለልጁ የሚያሳዩት ነገር ስላላቸው መቀመጥም አላስቻላቸው።

"ግባ ልጄ፣ እይ። እንዲህ ያለ አይተህ ታውቃለህ?"

ልጁ እመሀሉ ገባና ዞር ዞር አለ። አፈሩን በእጁ ዝቆ አየው። ከዚያ ቀስ ብሎ ጠየቀ።

"አባቴ፣ በቆሎው የት ሄደ?"

"በቆሎውማ ወደ ዳገቱ ወጣ። ምን ይሆናል ብለህ ነው፤ ዘንድሮ ትንሽ ከሳ እንጂ።"

"ይኼ መሬት በፊት የበቆሎ ነበር?"

"የበቆሎ፣ የበርበሬ፣ ያልሆነው ነገር የለም። ምርጡ ነው። ላንተ ብለን።"

ልጁ አፈሩን ከእጁ አራገፈ። መሣሪያውን ወደ ቦርሳው ከተተ። አባቴ ደስታው ያጥለቀለቀው መስሏቸው እንዲቀመጥ ወንበር አስመጡለት። እኔ የልጁን ፊት አይቻለሁ፤ ሐዘንተኛ ቤት የገባ ይመስል ነበር። በመንገድ ስንመለስ "ሁሉም ቤት እንዲህ ነው" አለኝ። "ከሞላ ጎደል ሁሉም። አሁን ይህን ለነሱ እንዴት ብዬ ነው የምነግራቸው? ያከበሩኝ እኮ ናቸው።" መመዘኛውን አያልፍም ወይ ብዬ ጠየቅሁት። "ዘንድሮ አያልፍም" አለ። ሊያለባብሰው አልሞከረም። ይህን ጠባዩን እወድለታለሁ።

እኔ ወዲያው ያሰብሁት መጋዘኑን ነው። ሥራ አስኪያጃችን አዲስ መጭመቂያና ማጣሪያ ለመግዛት ከባንክ ትልቅ ብድር ሊወስድ ሽር ጉድ የሚልበት ጊዜ ነበር። ባንኩ የፈለገው ሦስት ነገር ነው፤ ኦዲት የተደረገ የሒሳብ መግለጫ፣ የጠቅላላ ጉባኤው ማጽደቂያ፣ እና መያዣ። መያዣው መጋዘኑ ነበር። ብድሩ የሚመለሰው ደግሞ ለአውሮፕላን ነዳጅ ከሚሸጠው ዘይት ነው ተብሎ ታቅዷል። ዘይቱ ካልተሸጠ ብድሩ አይመለስም፤ ብድሩ ካልተመለሰ ባንኩ መጋዘኑን ይወስዳል። ለዚህ ዲግሪ አያስፈልግም። ግን ከባለአክሲዮኖቹ ይህን የሚያውቅ አንድም ሰው አልነበረም፤ መጋዘኑ እንደሚያዝም፣ ጓሮው ላይ ያለው ሰብል እንደማይገዛም።

ስለዚህ ጻፍሁት። የሒሳብ መግለጫ ሲወጣ ከቁጥሮቹ ኋላ ማብራሪያ የሚባል ክፍል አለ። ሰው ሁሉ ቁጥሩን አይቶ ማብራሪያውን ይዘልለዋል፤ እውነቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚኖረው እዚያ ነው። ሽያጩ በውል ያልታሰረ መሆኑን፣ ሰብሉ የተዘራበት መሬት ከገዥው መመዘኛ ጋር እንደሚጋጭ፣ ለብድሩ የሚያዘው መጋዘኑ እንደሆነ፣ ሳላሳምር ጻፍሁና ለሥራ አስኪያጁ ላክሁ። ፊት ለፊት "እርስዎ" እለዋለሁ፤ እዚህ ግን የምጽፈው እኔ ስለሆንሁ "እሱ" ነው።

ጠርቶ አስቀመጠኝ።

"ይኼ ምንድን ነው?"

"ማብራሪያ ነው።"

"ማብራሪያ አይደለም፣ ኑዛዜ ነው! ባንክ ይህን አንብቦ ብድር የሚሰጥ ይመስልሻል?"

"አይመስለኝም። ለዚህ ነው የጻፍሁት።"

መነጽሩን አወለቀ። "ዓመቱ የተዘጋው በሰኔ ነው። አንቺ ያየሽው የመስከረምን ነገር ነው። የመስከረሙን በሚቀጥለው ዓመት ሪፖርት እንጽፈዋለን።"

"መዝገቡ ተዘጋ እንጂ ዓይኔ አልተዘጋም። ሪፖርቱ ሳይፈረም የታወቀ ነገር፣ የአበዳሪውን ሐሳብ የሚያስቀይር ከሆነ ይጻፋል። የሙያው ደንብ ነው፤ እርስዎም ያውቁታል።"

ያውቀዋል። ሞኝ አይደለም። ፍትሐዊ ልሁንና ሌባም አይደለም፤ ከዚያ ብድር ወደ ኪሱ የሚገባ አንዲት ሳንቲም አልነበረችም። ነገሩ መቸኮሉ ነው። አንድ ጊዜ አዲስ አበባ ሄዶ ስለ ወደፊቱ አቪዬሽን የሚያወራ ትልቅ ስብሰባ ላይ ተቀምጦ ከመጣ ወዲህ፣ ሰማይ ሰማዩን ነበር የሚያየው።

"እህቴ" አለኝ ድምፁን ለስለስ አድርጎ። "ባንክ አፈር አያነብም። ይህ መጭመቂያ ካልመጣ እነዚህ ሰዎች ዕድሜ ልካቸውን ጥሬ ዘር ለነጋዴ ሲሸጡ ይኖራሉ። አንቺ የምትሟገቺው ለማን ነው?"

ጥያቄው ጥሩ ነበር። አዲሱን መጭመቂያ እኔም እፈልገዋለሁ። አባቴም ይፈልጉታል። ግን ለሰው ጥሩ ነገር ሊያመጣለት የሚሻ ሰው፣ ያ ሰው በምን እንደሚወራረድ ሊነግረው አይገባም? በሌላ ሰው መጋዘን መወራረድ እንዲህ ቀላል ነው? ንዴቴ መጣ።

"ይኼንን ሁሉ ሰርዘሽ አንዲት መስመር አድርጊው" አለኝ። "'የግብርና ሥራ በባሕርዩ ስጋት ያለበት ነው' በይ። ይበቃል።"

"ይኼማ በክረምት ዝናብ ይዘንባል እንደ ማለት ነው። ማንን ያስጠነቅቃል?"

"እምቢ ነው የምትይኝ?"

"እምቢ ነው።"

ወደ በሩ ስሄድ ከኋላዬ አንድ ነገር ጣል አደረገ። "ለመሆኑ ጓሮውን መጀመሪያ ያረሰው ማን እንደሆነ አውቀሻል? ሰፈሩን ሁሉ የመራው? ጉባኤ ፊት የማንን ስም እንደምታነሺ አስበሽበታል?"

አስቤበት ነበር። እንቅልፍ የነሣኝም እሱ ነበር። አባቴ በክፉ ስማቸው ተነሥቶ የማያውቅ ሰው ናቸው። ሰው ሲጣላ ለሽምግልና የሚጠሩት እሳቸውን ነው። ያ ማብራሪያ ሲነበብ ጎረቤቶቻቸው ሁሉ ዞረው የሚያዩት ማንን እንደሆነ አውቅ ነበር። እውነቱን ለመናገር ሥራ አስኪያጁን ቅንጣት አልፈራሁትም፤ የፈራሁት አባቴን ነው።

በገበያ ቀን አባቴ ራሳቸው ቢሮዬ መጡ። ሥራ አስኪያጁ ሰው ልኮ "ልጅዎን ይምከሩ፣ ሊያዋርድዎት የተነሣ ነገር አለ" አሰኝቷቸው ኖሯል። ዱላቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው፣ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ቢሮ ውስጥ መቼም ደገፍ ብለው አይቀመጡም።

"የሚባለው ነገር ምንድን ነው?" አሉኝ።

ነገርኋቸው። ምንም አላስቀረሁም፤ መመዘኛውንም፣ ብድሩንም፣ መጋዘኑንም። አባቴ ስለ ብድሩ አንድም ነገር አልጠየቁ። የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

"ያ ልጅ ጠፍ መሬት ሲል፣ የምሩን ጠፍ ማለቱ ነበር?"

"የምሩን ነበር፣ አባዬ።"

"እህ።"

ከዚያ ዓይናቸውን ወደ ወለሉ ጣሉ። ፊታቸው ሲቀላ አየሁ፤ እሳቸው ሲያፍሩ ያየሁት ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነው። ልቤ ተሰበረ። "አባዬ፣ አንቱ ምን አጠፉ? ያከበሩት እኮ እንግዳ ነው" ብላቸው እጃቸውን ዝንብ እንደሚያባርር ሰው አወዛወዙብኝ።

"ልታነቢው ነው?"

"ላነበው ነው።"

ተነሡ። ምሳ ልጋብዝዎ ብል እምቢ አሉ። ባጃጅ ልጥራ ብልም እምቢ አሉ። አንብቢም፣ አታንብቢም ሳይሉኝ ወጡ። በመስኮት ሳያቸው በጋሪዎቹ መካከል አንገታቸውን ደፍተው እየሄዱ ነበር። ወርጄ ልከተላቸው አሰብሁና ተውሁት፤ ምን ብዬ? ማብራሪያውን አልሰርዘው ነገር።

ጠቅላላ ጉባኤው የተደረገው እዚያው መጋዘኑ ውስጥ ነው። በጥቅምት በቆሎው ገና ስላልገባ ባዶ ነበር፤ ሰዉ በአግዳሚ ላይ፣ በጆንያ ላይ፣ በመሬትም ላይ ተቀመጠ። ሥራ አስኪያጁ ግድግዳው ላይ ነጭ አንሶላ ሰቅሎ የአውሮፕላን ሥዕል አበራ። ከሥሩ ቢጫ ማሳ አለ። ጥሩ ሥዕል ነበር። ሰዉ "ኧረ እግዜር ያሳየን!" እያለ አጨበጨበ፤ ሴቶቹ እልል አሉ። እኔ ከጠረጴዛው ጫፍ ላይ ተቀምጬ ሕዝቡን ስቃኝ አባቴን አጣኋቸው። ቆይቼ ነው ከኋላ ከምሰሶው ሥር ጋቢያቸውን እስከ አገጫቸው ተከናንበው ያየኋቸው። ሁልጊዜ ከፊት ነበር የሚቀመጡት።

ሥራ አስኪያጁ ትርፉን አነበበ፣ ንብረቱን አነበበ፣ ስለ አዲሱ መጭመቂያ ተናገረ። "ለዚህም ከባንክ ብድር እንድንወስድ፣ አስፈላጊው ዋስትና እንዲቀርብ፣ ሒሳቡም እንዲጸድቅ እጃችሁን አውጡ" አለ። አስፈላጊው ዋስትና። ሰዎቹ የተቀመጡበት ቤት መሆኑን ለመናገር ይህን ያህል ተጠቦ ማስቀረት! እጆች መነሣት ጀመሩ።

ተነሣሁ። "ማብራሪያው አልተነበበም" አልሁ።

"ጊዜ የለንም" አለ ሥራ አስኪያጁ እየሳቀ። "ተባዝቷል፣ የፈለገ ወስዶ ያነብበዋል።"

"አብዛኛው ሰው ማንበብ አይችልም። እኔ አነባለሁ።"

"እህቴ፣ የጉባኤው ሰብሳቢ አልፈቀዱልሽም።"

ሰብሳቢውን አላየኋቸውም። ድምፅ ማጉያው በሥራ አስኪያጁ እጅ ስለነበር ያለ ማጉያ ጀመርሁ። በወረቀቱ ቋንቋ ሳይሆን ሰዉ በሚናገረው ቋንቋ እየለወጥሁ ነው ያነበብሁት። የውጭው ድርጅት "ካለፈ እገዛለሁ" አለ እንጂ "እገዛለሁ" አላለም አልኋቸው። ዘሩ የሚያልፈው እህል እምቢ ባለው መሬት ላይ ከተዘራ ብቻ ነው፤ "አንዳንድ አባላት" ግን የምግብ እህል በሚያበቅለው ጓሮ ላይ ስለዘሩት ዘንድሮ አያልፍም አልኋቸው። ብድሩ ካልተመለሰ ባንኩ የሚወስደው ይህን ቤት ነው አልሁና በእጄ ጣሪያውን አሳየሁ። ሁሉም ቀና ብለው ጣሪያውን አዩ።

የእልልታው ድምፅ የት እንደገባ እንጃ። ከዚያ አንዱ "ምን አለች?" አለ፤ ሌላው "ውሸት ነው፣ ልጁ ራሱ አይቶ ወንበር ላይ ተቀምጦ በልቶ ጠጥቶ ሄዷል!" አለ። ጫጫታው ጦፈ። ሥራ አስኪያጁ ማጉያውን ይዞ "ተረጋጉ! ጉዳዩ የባለሙያ ክርክር ነው፣ የተረጋገጠ ነገር የለም! እስቲ ጓሮዬ ላይ ዘራሁ የሚል አለ? 'አንዳንድ አባላት' ማለት ማን ነው?" አለ። ጥያቄውን የጣለው ወደ እኔ ነበር። የአባቴን ስም ከአፌ እንደማላወጣ እርግጠኛ ነበር። ልክ ነበር፤ አላወጣሁም።

አባቴ ከምሰሶው ሥር ተነሡ። ጋቢያቸውን ከአገጫቸው አወረዱና እንደ ወጉ አጣፉት።

"'አንዳንድ' የሚባል ሰው በዚህ ማኅበር የለም" አሉ። "እኔ ነኝ። ጓሮዬን አርሼ የዘራሁት እኔ ነኝ። ልጁ 'አትንኩ' ሲል ይሉኝታ ይዞት ነው ያልሁ፣ ጎረቤቴንም 'ዝም ብለህ ደህናውን ስጠው' ያልሁ እኔ ነኝ። የዘንድሮ በቆሎዬ ዳገት ላይ ቀጭጯል፤ የፈለገ ሄዶ ይየው።"

ወደ እኔ ዞሩ። ዓይናቸው ቁጣ ነበረበት፤ በእኔ ላይ የተቆጡት ቁጣ።

"አንቺስ ለምን ትሸፋፍኚኛለሽ? ጻፊው። ስሜን ከነአባቴ ጻፊው።"

እኔ ለእሳቸው አዝኜ ነበር "አንዳንድ" ያልሁት። ምሕረት መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን እንደ ስድብ ነው የወሰዱት፤ እዚህ ነገር ላይ እስከ ዛሬ ድረስ እንከራከራለን። ያኔ ግን ለክርክር ጊዜ አልነበረም። እስክሪብቶዬን አንሥቼ፣ "አንዳንድ" የሚለውን ሰርዤ ስማቸውን ጻፍሁ።

"የኔንም ጻፊ" አለ ጎረቤታቸው። "የኔንም" አለች አንዲት ባልቴት፤ "በርበሬዬን ነቅዬ ነው የዘራሁት።" ከየአቅጣጫው ስም መጣ። ወረቀቱ ሲሞላ ጀርባውን ገለበጥሁት።

አባቴ ግን አልጨረሱም፤ አልተቀመጡም። ሥራ አስኪያጁን፣ ሁልጊዜ "አንቱ" የሚሉትን ሰው፣ ቀጥ ብለው አዩት።

"እንግዲህ እኔ ያጠፋሁትን ተናገርሁ። አንተስ? ይህን ቤት ለባንክ ላስይዝ ያልኸው ማን ነህ? መያዣው ይህ ቤት እንደሆነ እያወቅህ፣ ስሙን ሳትጠራ እጅ አውጡ ያልኸው ማን ነህ? አንተም ተጻፍ።"

"ይጻፍ!" አለ ሕዝቡ። "ይጻፍ! ይጻፍ!" ያ ቆርቆሮ ጣሪያ በረዶ የወረደበት ያህል ጮኸ። ሥራ አስኪያጁ ማጉያውን እንደያዘ ቆመ። ወደ ሰብሳቢው አየ፤ ሰብሳቢው ጫማቸውን ያያሉ። ብድሩንና መያዣውን ማን እንዳቀረበ፣ ለጉባኤው እንዳልተነገረ፣ ከነስሙ ጻፍሁ። ደስ አለኝ፤ ምን እደብቃለሁ?

ከዚያ ድምፅ ተሰጠ። ሒሳቡ ከነማብራሪያው ጸደቀ፤ ብድሩ ወደቀ።

ኪሳራ አልነበረም ብዬ አልዋሽም። አዲሱ መጭመቂያ አልመጣም፤ ቡሬ ያለው አሮጌው አሁንም እየተጠገነ ይሠራል። የዚያ ዓመት ጎመንዘር እንደ ድሮው በየገበያው ለምጣድ ማሰሻ ተቸረቸረ፤ ሁሉም ሰው ስለዘራው ዋጋው ወረደ። አባቴ ቤት በዚያ ዓመት በቆሎ ተሸምቷል፤ እሳቸው በቆሎ ሲሸምቱ! ተመራማሪው ግን አልጠፋም። በሚቀጥለው ዓመት ሲመጣ አባቴ ዳገቱን፣ ያንን ቀይ ጭንጫ፣ ሰጡት። ሲዘራ ቆመው እያዩ "እንዲህ ያለ መሬት ለሰው ይሰጣል? ኧረ ውርደት ነው" ሲሉ ይውላሉ። ሰብሉ እሺ ይበል አይበል ገና አልታወቀም። መጋዘኑ በሰዎቹ እጅ ነው፤ በቆሎ ገብቶበት ተቆልፏል።

ሥራ አስኪያጁ አሁንም ሥራ አስኪያጃችን ነው፤ እኔንም ሊያባርረኝ ሞክሮ ቦርዱ አልፈቀደለትም። በቅርቡ ደግሞ ጠርቶኝ፣ ስለዚያ ጉባኤ ምንም ያልሰማ ሌላ ባንክ ማግኘቱን ነገረኝ። የዚያን ዓመት የሒሳብ መግለጫ ይፈልጋሉ አለኝ። ይኸው ብዬ ያንኑ ሰጠሁት። ማብራሪያው ላይ ሲደርስ ከራሱ ስም በላይ ያሉትን ስሞች እያየ ቆየ።

"ቢያንስ የገበሬዎቹን ስም እናውጣው" አለኝ። "በሒሳብ መግለጫ ላይ የገበሬ ስም አይጻፍም። የኔም አብሮ ይወጣል። በተለይ ለአባትሽ ክብር ስል ነው።"

"ጥሩ" አልሁት። "የመጀመሪያው ስም የአባቴ ነው። ጅጋ መንገዱን ያውቁታል፤ ሄደው ያስፈቅዷቸው። እሳቸው ይውጣ ካሉ፣ እኔ በእጄ እሰርዘዋለሁ።"

እስከ ዛሬ አልሄደም።